“አፉን ሲፈታ አምጡት”፦ ንግግሩ የዘገየ ልጅ ሳይመዘገብ ሲቀር ወላጅ ወዴት ይበል?

ባሕር ዳር፦ ክረምቱ ሊወጣ ሲል በየትምህርት ቤቱ በር የምዝገባ ማስታወቂያ ይለጠፋል። ወላጅም የልጁን የክትባት ካርድ ወይም የልደት ምስክር ወረቀት ይዞ ይሰለፋል። መዝጋቢው መምህር ልጁን “ስምህ ማን ነው?” ብሎ ይጠይቃል። አብዛኛው ልጅ እያፈረም ቢሆን ይመልሳል። አንዳንዱ ግን ዝም ይላል፤ እናቱ ትመልስለታለች። መምህሩ ደግሞ ይጠይቃል፤ አሁንም እናቱ ትመልሳለች። በዚህ ጊዜ ንግግር የዘገየባቸው ልጆች ወላጆች ደጋግመው የሚሰሙት መልስ ይመጣል፤ “አፉን ሲፈታ አምጡት።”

መልሱ ክፋት ያለበት አይመስልም። ወላጅም ብዙ ጊዜ አመስግኖ ልጁን ይዞ ይመለሳል። በዓመቱ ሲመለስ ግን ልጁ በአንድ ዓመት ያረጀ፣ በንግግሩ እምብዛም ያልተሻሻለ ሆኖ ይገኛል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ልጅ ንግግርን የሚማረው ከሚናገሩ ልጆች መካከል ሆኖ ነው። ዋና ሊቀ ሳይሆን ወደ ሐይቁ አይገባም እንደማለት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህ መልስ ሕጋዊ መሠረት የለውም። ይህ ጽሑፍም በፋሲሎና በሌሎች የባሕር ዳር ክፍለ ከተሞች፣ እንዲሁም በጣና ዳር ቀበሌዎች የሚኖሩ ወላጆች እንዲህ ያለ መልስ ሲሰጣቸው ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ ያስረዳል።

በቅድሚያ ግን ንግግር ዘገየ የሚባለው መቼ እንደሆነ ማወቅ ያሻል። ልጆች በአንድ ቀን አፋቸውን አይፈቱም፤ ልዩነቱም ሰፊ ነው። ሆኖም የጤና ባለሙያዎች የሚመለከቷቸው መለኪያዎች አሉ። አንድ ዓመት ገደማ የሆነው ሕፃን ስሙ ሲጠራ ዞር ይላል፤ “እማ”፣ “አባ” የመሰሉ ቃላትንም ይጀምራል። ሁለት ዓመት ሲሞላው ሁለት ቃላትን ያጣምራል፤ “እማ ውኃ” እንደማለት ነው። በሦስት ዓመቱ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን ይሠራል፤ የቤቱ ሰውም የሚለውን ይረዳዋል። በአራት ዓመቱ እንግዳ ሰው ሳይቀር አብዛኛውን ንግግሩን ሊረዳለት ይገባል። ልጁ ከዚህ በእጅጉ ወደኋላ ከቀረ፣ በተለይም ይናገራቸው የነበሩትን ቃላት ከተወ፣ “አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው” እያሉ መጠበቅ አይበጅም።

ምርመራው ከጆሮ ይጀምራል። ያልሰማ አይናገርምና። በአካባቢያችን ብዙ ልጆች ጆሯቸው እየመገለ ለወራት ይቆያል፤ ሕመሙ ሲቀል የተረሳው መግል ግን የመስማት አቅማቸውን ይቀንሰዋል። ከፊሉን የሚሰማ ልጅ በር ሲንኳኳ ዞር ስለሚል ወላጅ ደኅና ይሰማል ብሎ ይገምታል። ልጁ ግን ከንግግሩ ውስጥ ስስ የሆኑትን ድምፆች አይለያቸውም። ከመስማት ችግር ሌላ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት፣ ኦቲዝም፣ በወሊድ ጊዜ የደረሰ የአንጎል ጉዳት፣ የላንቃ መሰንጠቅም ንግግርን ያዘገያሉ። ምንም የተለየ ምክንያት ሳይገኝበት ንግግሩ ብቻ የሚዘገይ ልጅም አለ።

እዚህ ላይ ሳይጠቀስ የማይታለፍ ነገር አለ። ልጁ አልናገር ሲል እንጥሉን የሚያስቆርጥ፣ የምላሱን ሥር የሚያስበጣ ቤተሰብ ዛሬም አለ። እንጥል መቁረጥ ንግግርን አያመጣም፤ ደም መፍሰስንና ኢንፌክሽንን ግን ያመጣል። ጠበል የሚያስጠምቅ ወላጅ ጠበሉን ከጆሮ ምርመራው ጋር አብሮ ማስኬድ ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ንግግር መዘግየት ያልሆነውንም መለየት ተገቢ ነው። በቤቱ አዊኛ እየተናገረ አድጎ አማርኛ በሚነገርበት ክፍል ዝም ያለ ልጅ ንግግሩ አልዘገየም፤ ሁለተኛ ቋንቋ እየጀመረ ነው። መንተባተብም ሌላ ነው። በቤቱ እንደ ወፍ እየተንጫጫ በእንግዳ ፊት የሚደነዝ ልጅም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ወላጅ ይህን ልዩነት ለትምህርት ቤቱ ማስረዳት ካልቻለ መዝጋቢው ሁሉንም በአንድ ስም ጠርቶ ያልፈዋል።

የሕክምናው መንገድ ለገጠሩ ነዋሪ በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይጀምራል። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ያመራል። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ጥበበ ጊዮን ሪፈር የሚቀበሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች ናቸው። የንግግር ሕክምና ባለሙያ በሀገራችን እጅግ ጥቂት ስለሆነ ወላጅ ከሆስፒታል የሚጠብቀው በአብዛኛው ሕክምና ሳይሆን ማስረጃ ነው፤ ልጁ ይሰማል ወይስ አይሰማም፣ ምን ዓይነት ድጋፍስ ያስፈልገዋል የሚል ወረቀት። ይህ ወረቀት በኋላ በሚቀርበው ቅሬታ ትልቅ ዋጋ ይኖረዋል። ነገር ግን ማስረጃው እስኪገኝ ልጁ መመዝገብ የለበትም ማለት አይደለም። ወረቀቱ ድጋፉን ለመወሰን ይረዳል እንጂ የትምህርት ቤት መግቢያ ትኬት አይደለም።

እንዲህ ያለ ልጅ ከትምህርት ቤት በር መመለሱ አዲስ ነገር አይደለም። በሀገራችን ጉዳዩን ወደ አደባባይ ካወጡት ሰዎች ቀዳሚዋ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ኦቲዝም ያለበት ልጃቸው ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ሲንከራተት ያዩት እኚህ እናት እ.ኤ.አ በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። መናገር ላልቻሉ ልጆችም የፊደሎቻችንን ድምፆች መነሻ ያደረገ “አቡጊዳ ፎነቲክስ” የተሰኘ የማስተማሪያ ዘዴ ቀመሩ። ፊደላችን እያንዳንዱ ምልክት ተነባቢና አናባቢን አጣምሮ የያዘ በመሆኑ ልጁ ያየውን ምልክት በአንድ ድምፅ ማውጣት እንዲለማመድ ያመቸዋል። ወይዘሮ ዘሚ በ2013 ዓ.ም ሕይወታቸው ቢያልፍም ማዕከሉ ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ከጓዳ እንዲያወጡ ምክንያት ሆኗል። ሆኖም ማዕከሉ ያለው አዲስ አበባ ነው። የዘጌ አርሶ አደር ልጅ የሚማረው በቀበሌው ትምህርት ቤት ነው፤ ትግሉም እዚያው ነው።

ሕጉ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን የሚመለከቱ እርምጃዎች ሲወሰዱ የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት መታሰብ እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 41 መንግሥት ለአካል ጉዳተኞችና ለአእምሮ ሕሙማን አቅሙ በፈቀደ መጠን እንክብካቤ እንዲያደርግ ያዛል። “አቅም በፈቀደ” የሚለውን ሐረግ የትምህርት ቤት ኃላፊዎች አጥብቀው ይይዙታል። የሚዘነጋው አንቀጽ 9 ነው፤ ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሀገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። ሀገሪቱ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 24 ማንኛውም ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከአጠቃላይ የትምህርት ሥርዓት እንዳይገለል፣ እንደ ፍላጎቱም ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግለት ያስገድዳል። በስምምነቱ መሠረት መዘጋጀት ያለበት ትምህርት ቤቱ ነው፤ ልጁ አይደለም። የትምህርት ሚኒስቴር የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ያወጣው በ1998 ዓ.ም ነበር። በ2004 ዓ.ም ሲሻሻል አካቶ ትምህርትን፣ ማለትም ልጆች በአንድ ክፍል አብረው የሚማሩበትን አሠራር ዋና አቅጣጫ አድርጎታል።

ይህን ሁሉ ለዳይሬክተሩ በቃል መዘርዘር አያስፈልግም፤ እንዲያውም ነገሩን ያከረዋል። የመጀመሪያው እርምጃ መነጋገር ነው። አብዛኛው መምህር ልጁን ጠልቶ አይመልሰውም፤ ክፍሉ በተማሪ ታጭቋል፣ በልዩ ፍላጎት የሠለጠነ ሰው አጠገቡ የለም፣ ያልለመደውን ኃላፊነት ይፈራል። ስለዚህ ወላጅ “መብቴ ነው” ከማለቱ በፊት ልጁ የሚችለውን ቢያስረዳ ይሻላል፤ የሚነገረውን ይረዳል፣ ራሱን ችሎ ይበላል፣ ጫማውን ያደርጋል፣ ታናሽ እኅቱን ይጠብቃል፣ ጥጃ ያስራል። የጠየቀው ድጋፍም ብዙ ወጪ የሌለው መሆኑን ማሳየት ይገባል። ልጁ ከፊት ረድፍ ይቀመጥ፤ ስም ሲጠራ እጁን ያንሣ፤ “ሀ”ን አንብብ ሲባል ድምፁን ማውጣት ካልቻለ ከሰሌዳው ላይ በጣቱ ያሳይ፤ የቃል ፈተናው በጽሑፍ ወይም በሥዕል ይሁንለት። የመጸዳጃና የውኃ ሥዕል ያለባት አንዲት ካርቶን በኪሱ ይያዝ። ይህች የመጨረሻዋ ቀላል ትመስላለች። ነገር ግን “ልጁ ይረብሻል” ከሚባሉት አጋጣሚዎች አንዱ ልጁ መጸዳጃ መሄድ ፈልጎ መጠየቅ ባለመቻሉ የሚፈጠር ነው።

ንግግሩ ካልሠራ ወደ ጽሑፍ ማለፍ ነው። በአርሶ አደሩና በከተማው ነዋሪ መካከል አንድ ልዩነት አለ፤ በዚህ ረገድ አርሶ አደሩ ይበልጣል። አርሶ አደር የመሬት ይዞታ ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ ከሳጥን ሥር ያኖራል፤ የግብር ደረሰኙን ለዓመታት ያቆያል፤ ድንበር ሲገፋ ወረቀት እንደሚናገርለት ያውቃል። የልጁም ጉዳይ እንዲሁ ሊያዝ ይገባል። በቃል የተሰጠ እምቢታ ሲጠየቅ “እኔ አልመለስኩትም” ተብሎ ይካዳል። ስለዚህ ለትምህርት ቤቱ አጭር ማመልከቻ ማስገባት ያስፈልጋል። ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

“ለ……… አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። ጉዳዩ፦ የልጄን ምዝገባ ይመለከታል። እኔ አመልካች የ……… ቀበሌ ነዋሪ ስሆን ልጄ ……… ዕድሜው 7 ዓመት ነው። ልጄ ንግግሩ የዘገየ ቢሆንም የሚነገረውን ይረዳል፤ የሚፈልገውንም በጥቂት ቃላትና በምልክት ያስረዳል። በቀን ……… ለምዝገባ ይዤው ቀርቤ መናገር ሲጀምር እንዳመጣው በቃል ተነግሮኛል። ስለዚህ ልጄ ከእኩዮቹ ጋር በመደበኛው ክፍል እንዲመዘገብልኝና ድጋፍ እንዲደረግለት፣ ይህ የማይቻል ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። አባሪ፦ የሕክምና ማስረጃ ……… ገጽ።”

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ዋናዋ ናት። ምክንያቱን ጽፎ መስጠት ያለበት ኃላፊ ብዙ ጊዜ ቆም ብሎ ያስባል። ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ መዝገብ ቤት ገቢ ሲደረግ በሁለተኛው ላይ ቀንና ማኅተም ተደርጎበት በወላጅ እጅ ይቅር።

መጻፍ የማይችል ወላጅ ዘመድ ወይም በፍርድ ቤት አካባቢ የሚገኙ ራፖር ጸሐፊዎችን ያስጽፋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ጸሐፊው አቤቱታው እንዲከብድ ብሎ ልጁን “መስማትና መናገር የተሳነው” ብሎ ሊጽፈው ይችላል። የሚሰማ ልጅ እንዲህ ተብሎ ከተጻፈ ወደ ምልክት ቋንቋ ክፍል ሊመራ ይችላል፤ በአንዲት ሐረግ ምክንያት ከማይገባው ቦታ ይመደባል። በእርግጥ መስማት ለተሳነው ልጅ የምልክት ቋንቋ ክፍል ትክክለኛው ቦታው ነው። ንግግሩ ብቻ ለዘገየ ልጅ ግን አይደለም። ስለዚህ ወላጅ የተጻፈለትን ሳይነበብለት አይፈርም።

ትምህርት ቤቱ ካልመለሰ ቀጣዩ መድረክ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ነው። በኅብረቱ ውስጥ የሰፈር ሰው፣ የዕድር ሰው አለ። ብዙ ጉዳይ ማኅተም ሳያስፈልገው እዚያው ያልቃል። እዚያ ካላለቀ በከተማ ለክፍለ ከተማው፣ ቀጥሎም ለባሕር ዳር ከተማ አሥተዳደር ትምህርት መምሪያ፣ በገጠር ደግሞ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና ለዞኑ ትምህርት መምሪያ ይቀርባል። የመጨረሻው የትምህርት ዘርፍ እርከን የአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ ነው። በየደረጃው የልዩ ፍላጎት ትምህርትን የሚከታተል ባለሙያ መኖሩን ጠይቆ ጉዳዩን ለእርሱ ማስረዳት ጊዜን ይቆጥባል፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ቢሆንም ባለሙያው አብዛኛውን ጊዜ ቢሮ ይገኛል። እርከን መዝለል ግን አይመከርም። ክልል የደረሰ አቤቱታ “መጀመሪያ ወረዳውን ጠይቅ” ተብሎ ይመለሳል፤ የምዝገባው ጊዜም በመንገድ ያልቃል። ለበላይ አካል በግልባጭ ማሳወቅ ግን ይቻላል፤ ይጠቅማልም። ልጁን የመለሰው የግል ትምህርት ቤት ቢሆንም ፈቃድ የሰጠው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ስለሆነ ቅሬታው ወደዚያው ይሄዳል።

ከትምህርት መሥሪያ ቤቶች ውጭም በር አለ። በየአሥተዳደሩ የሕዝብ ቅሬታ የሚሰማ ክፍል ይገኛል። በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። ተቋሙ የአሥተዳደር በደልን የሚመረምረው ያለክፍያ ነው፤ አቤቱታውም በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በቃልም ይቀርባል። ተበዳዩ ራሱ መቅረብ ባይችል ቤተሰብ ወይም ሌላ ሰው ሊያቀርብለት ይችላል። ውሳኔው የፍርድ ቤት ፍርድ አይደለም፤ ተቋሙ በመጀመሪያ የሚሞክረው ማስማማትን ነው። ነገር ግን ከእንባ ጠባቂ የተጻፈ ደብዳቤ በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ዝም ብሎ አይተኛም። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም በከተማዋ ጽሕፈት ቤት አለው። የሕግ ምክር የሚፈልግና ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የሌለው ሰው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ነጻ የሕግ ድጋፍ መጠየቅ ይችላል።

ወላጅ በየደረጃው የሚገጥሙት መከራከሪያዎች ጥቂት ናቸው። “የሠለጠነ መምህር የለንም” የሚለው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም የሠለጠነ መምህር አለመኖር ልጁን ለመመለስ ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ድጋፍ ለመጠየቅ ምክንያት ነው። በአካቶ ትምህርት አሠራር የድጋፍ ማዕከል ያለው ትምህርት ቤት በአቅራቢያው ያሉትን ይረዳል፤ ተዘዋዋሪ መምህርም እንዲመጣ ይጠበቃል። “ልዩ ክፍል ይግባ” ሲባል ወላጅ ቸኩሎ እምቢም እሺም ከማለቱ በፊት ክፍሉን ሄዶ ይየው። ልዩ ክፍል ለአንዳንድ ልጅ ጥሩ መነሻ ነው። ነገር ግን የተለያየ ዕድሜና ጉዳት ያላቸው ልጆች በአንድ ላይ ተቀምጠው የሚውሉበት ብቻ ከሆነ፣ ከእኩዮቹ ንግግር መስማት ለሚያስፈልገው ልጅ አይበጀውም። “ልጁ ወደ መደበኛው ክፍል የሚሸጋገረው መቼና በምን መለኪያ ነው?” ብሎ መጠየቅ ይገባል። ለዚህ መልስ የሌለው ልዩ ክፍል በእኔ አስተያየት መማሪያ ሳይሆን ማቆያ ነው። “ዕድሜው አልፏል” የሚለው ደግሞ ከሁሉ የሚያሳዝነው ነው፤ ባለፈው ዓመትና ባቻምና “አፉን ሲፈታ” ተብሎ የተመለሰው ይኸው ልጅ ነውና። ማኅተም ያለባት የመጀመሪያዋ ማመልከቻ ቅጂ ጥቅሟ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

በሌላው ዓለም ወላጅ ከዚህ ያነሰ ይንከራተታል ማለት አይቻልም፤ መንገዱ ግን በሕግ የተጠረገ ነው። በእንግሊዝ ሀገር እ.ኤ.አ በ2014 በወጣ ሕግ መሠረት የንግግር ችግር ያለበት ልጅ የትምህርት፣ የጤናና የማኅበራዊ ድጋፉን የያዘ ዕቅድ ሊወጣለት ይችላል፤ በዕቅዱም የትምህርት ቤቱ ስም ይጻፋል። ወላጅ በውሳኔው ካልተስማማ ለዚሁ ለተቋቋመ ልዩ ዳኝነት ይግባኝ ይላል፤ ለዚህም የተሰጠው ጊዜ በመደበኛው ውሳኔው ከተጻፈበት ቀን አንሥቶ ሁለት ወር ነው። በእኛ ሀገር እንዲህ ያለ ራሱን የቻለ የትምህርት ቦታ ዳኝነት የለም። የአሥተዳደር ውሳኔዎችን ሥርዓት የሚያስይዘው አዋጅ ቁጥር 1183/2012ም የሚመለከተው የፌዴራል ተቋማትን ነው። ስለሆነም የይግባኙ ጥንካሬ በወላጁ ወረቀትና በትዕግሥቱ ላይ ይወድቃል። ይህ ተገቢ ነው አልልም፤ ያለው ሁኔታ ግን ይኸው ነው።

በተለይ የገጠሩ ወላጅ ሸክም ይከብዳል። ከዘጌ ወይም ከዘንዘልማ ለአንዲት ፊርማ ከተማ መመላለስ የሥራ ቀን ያቃጥላል፤ አዝመራ በደረሰበት ወቅት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። በክልሉ ባለው የጸጥታ ችግር ትምህርት የተቋረጠባቸው ቀበሌዎች መኖራቸው ሲታከልበት ይህ ልጅ በሰልፉ መጨረሻ ይቆማል። ሊረዳ የሚችለው ነገር ጉዳዩን በቡድን መያዝ ነው። በአንድ ቀበሌ እንዲህ ያለ ልጅ አንድ ብቻ አይሆንም፤ ሌሎቹ ጓዳ ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት ስትዞር ስለምታውቃቸው ወላጆቹን ብታገናኝ ሦስትና አራት ሆነው በአንድ ማመልከቻ ሊቀርቡ፣ ለሁሉም አንድ ሰው ሊመላለስ ይችላል። ወረዳውም ለአንድ ልጅ የማይመድበውን መምህር ለአራት ልጆች ለመመደብ ይቀለዋል።

ምዝገባው ከተሳካ በኋላ ወላጅ ከክፍሉ ኃላፊ መምህር ጋር ተቀምጦ ለልጁ የግል የትምህርት ዕቅድ እንዲዘጋጅ ይጠይቅ። ዕቅዱ ገጽ የማይሞላ ሊሆን ይችላል፤ ልጁ አሁን የሚችለው፣ በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት እንዲደርስበት የሚፈለገው፣ ማን ምን እንደሚያደርግለት ብቻ ይጻፍበት። ቅጂው በወላጅ እጅ ይኑር። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ውጤት ሲሰጥም ወላጅ ካርዱን ብቻ ተቀብሎ ከመመለስ ይልቅ ዕቅዱን ይዞ ይቅረብ፤ በቃል ፈተና ዜሮ ተሰጥቶት ከሆነ ፈተናው በሌላ መንገድ እንዲሰጠው የሚጠየቀው በዚያን ጊዜ ነው፤ ዓመቱ ካለቀ በኋላ የክፍል መድገም ውሳኔን ማስለወጥ ይበልጥ ይከብዳል።